የሰባት ቁጥር ካሴት

በእነብሎን ቤት ሦስት ጊዜ ሳይንኳኳ የሚበራ ነገር አልነበረም። አባቷ መብራት ሊያበራ ሲል መጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ ከዚያ ማብሪያውን ይጫናል። ምድጃውም፣ ሬዲዮውም፣ የልብስ ማጠቢያውም እንደዚያው። እንግዳ ከመጣ «ሰው መጣ መሰለኝ» ብሎ በሩን ያያል፤ ቤተሰቡ ግን አንገቱን እንኳ አያዞርም። ልጅቱ ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን መምህሩ ሳያንኳኩ መብራት ሲያበሩ አይታ፣ ሰውዬው አሳዳጊ የበደላቸው መስሏት ነበር።

ብሎን እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ከወደቀ ብረት ሁሉ ድምፅ ስትለቅም ስለምትውልና ኪሷ ከብሎን ስለማይጸዳ የሙዚቃ ጓደኞቿ የለጠፉባት ነው። አባቷም በዘመኑ ቅጽል ስም ነበረው። ክር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሳለ «ጆሮ» ይሉት ነበር። የተጠገነ ማሽን ሊያስነሳ ሲል ትንሿን ቴፕ አጠገቡ አስቀምጦ ድምፁን በካሴት ይቀዳል፤ ቤቱ ገብቶ በጸጥታ ያዳምጠውና «ይሄ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት አይቆይም» ይላል። አይቆይምም። አለቆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ ኋላ ግን ባትሪ ይገዙለት ጀመር።

ማንኳኳቱ የመጣውም ከዚያው ፋብሪካ ነው። በዚያ ጫጫታ የሰው ድምፅ ከአፍ አይርቅም፤ ስለዚህ መካኒኩ ማሽን ከማስነሳቱ በፊት የማሽኑን አካል በመፍቻ ሦስት ጊዜ ይመታል። ትርጉሙ «እጅ አውጡ» ነው። ከማሽኑ ኋላ የሚጠርገውም፣ ከሥሩ ክር የሚፈታውም ያንን ሲሰማ ሁለት እጁን ስቦ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ማሽን የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ብሎን የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ አንድ የጥጥ ማበጠሪያ ጠግኖ ሲያስነሳ የሚስቱ ታናሽ እህት ከኋላ ሆና ጥርሱ ላይ የተጠመጠመ ጥጥ ታወጣ ነበር። ማሽኑ እጇን ያዛት። እጇን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ በአራተኛው አረፈች።

ኮሚቴ ተቋቋመና «መትተሃል ወይስ አልመታህም?» ተብሎ ተጠየቀ። አባቷ «አላስታውስም» አለ። ብዙዎች ሊያመልጥ ነው ብለው ክፉኛ ወቀሱት፤ እውነቱን ግን ነበር። በየቀኑ አሥር ጊዜ የሚመታ እጅ የትኛውን መምታቱን ያስታውሳል? መንገድ ከጀመረ በኋላ በሩን ይቆልፍ አይቆልፍ የጠፋበት ሰው ይህን ያውቀዋል። የክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ ሠራተኛው «ፉጨት» የሚላት ሴትዮ፣ «እኔ በአጠገቡ ነበርኩ፤ ሲመታ አልሰማሁም» ብላ መሰከረች። የብሎን አባት ከሥራ ተሰናበተ። እናቷ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ሆድ ይፍጀው ብላ ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ኖረችና ሳትጠይቀው ሞተች። እሱን የጎዳው ከኮሚቴው ይልቅ የእሷ ዝምታ ነው።

ራሱን መጠየቁን ግን አልተወም። ምግብ እየበላ ድንገት ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ «መትቼ ይሆን?» ይላል። ቤተሰቡ ምኑን ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጆሮውም ደከመ። ጆሮ የተባለው ሰው ሬዲዮ ለመስማት መዳፉን ሬዲዮው ላይ የሚለጥፍ ሆነ፤ ወፍራሙን ድምፅ በእጁ፣ ቀጭኑን በግምት።

የብሎን ሙዚቃ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በከተማው ሁለት ወገን አለ። አንዱ ኢንዱስትሪያል የሚባለውን የሚወድ የብረት ወገን ነው፤ መጋዝ ሲያቃስት፣ ቆርቆሮ ሲፋቅ ለመስማት ይመጣና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። እግሩን ያነቃነቀ ሰው ካየ በዐይኑ ይገርፈዋል። ሌላው የእግር ወገን ነው፤ ኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ካልሆነ አይሞቀውም፤ ምቱ ለግማሽ ደቂቃ ከጠፋበት ገንዘቤ ይመለስ ይላል። ብሎን መሐል ላይ ነበረች። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው መከሯት፤ እሷ ግን ዛፉ አንድ ነው ባይ ነበረች። ክር ማሽን ፊት ስምንት ሰዓት የቆመች ሴት ወገቧ ከማሽኑ ጋር ይወዛወዛል፤ ዳንስ ያለው የለም እንጂ ዳንስ ነው። ምቱ ከፋብሪካ ወጥቶ ነው ጭፈራ ቤት የገባው ትላለች። የብረቱ ወገን የረሳው እግሩን ነው፣ የእግሩ ወገን ደግሞ አባቱን ረስቷል እያለች ሁለቱንም ታስቀይማለች።

የቀድሞው ፋብሪካ ሊፈርስ መሆኑ ሲሰማ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ የመጨረሻ ዝግጅት እንድታቀርብ ተጠየቀች። ዝግጅቱ የቀድሞ ሠራተኞች እንዲመጡ ተብሎ በቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ወዲያው አባቷ ጋ ሄዳ የካሴት ሳጥኑን ለመነችው። የክዳኑን አቧራ በእጁ ጠረገ። በኋላ «ውሰጂው» አላት፣ «ግን አንዱንም ሳትዘዪ ስሚ። የእኔ ጆሮ አይሆንም፤ ሳይደክምም ቢሆን፣ ከአደጋው ወዲህ ፈርቼ አልሰማኋቸውም።» እሷ ስለ ሙዚቃው ስታስብ ነበርና ምን እንደፈራ አልጠየቀችም።

ካሴቶቹ አርባ አንድ ነበሩ። ላያቸው ላይ የማሽኑ ቁጥር እንጂ ቀን የለም። አክስቷን የገደለው ማሽን ደግሞ እቤታቸው በቁጥር ተጠርቶ አያውቅም፤ «ያ ማሽን» ነው የሚባለው። ስለዚህ ሰባት ቁጥርን ስትሰማ ሌላ ነገር አልታሰባትም። ካሴቱ ሲጀምር ብረት ሲሚንቶ ላይ ቀጭ ይላል፤ ቀጥሎ በጣም ቀጭን፣ ከፍ ዝቅ የሚል አራት ድምፅ እየተመላለሰ ይሰማል፤ ቀጥሎ ማሽኑ ይነሳና ዘጠኝ ሰከንድ ሳይሞላው ይቆማል። ቅጂው እዚያው ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የቀበቶ ጩኸት ነው ብላ ወሰደችው፤ ወደደችውም። አወፍራ፣ አስረዝማ የሙዚቃው ዜማ አደረገችው። ዘጠኙን ሰከንድ እየደጋገመች ምት አበጀችለት።

አንድ ነገር ግን ጎደላት። ማሽኑ የሚነሳበት ቦታ ራቁቱን ሆነባት፤ በሰማችው ቁጥር ቅር ይላታል። ሦስት ቁጥር ካሴት ላይ አባቷ በመፍቻ ሲመታ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበርና ያንን ሦስት ምት ቆርጣ ሰባት ቁጥር ከመነሳቱ በፊት ሰካችው። ቅር ያላት ነገር ወዲያው ለቀቃት። ለምን እንደሰካችው ራሷን አልጠየቀችም። በቤታቸው ሳይንኳኳ የሚነሳ ነገር የለማ!

ቅዳሜ ዕለት የፋብሪካው አዳራሽ ጢም አለ። ማሽኖቹ ተነቅለው ሲሚንቶው ላይ የቀሩት የእግራቸው ጉድጓዶች ብቻ ናቸው። ከተሰበረው የጣሪያ መስታወት ፀሐይ ገብቶ አቧራው ይታያል። የብረት ወገን ግድግዳ ተደግፏል፤ የእግር ወገን መሐሉን ይዟል፤ ሃያ የሚሆኑ ጡረተኛ ሠራተኞች ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ፉጨትም መጥታለች፤ ከብሎን አባት ሦስት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ዓመት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። አባቷ ወንበሩን ትቶ ሄደና ከሰው ቁመት የሚበልጠው ድምፅ ማጉያ ላይ ሁለት መዳፉን ለጠፈ።

ብሎን አራቱን ድምፆች ለቀቀቻቸው። አዳራሹ ውስጥ ሲዞሩ ቀበቶ አልመስል አሏት፤ ትልቅነቱ ይሆናል አለችና ተወችው። ከዚያ ሦስቱ ምቶች መጡ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሃያዎቹ ጡረተኞች ባንዴ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እጃቸውን ስበው ደረታቸው ላይ አደረጉ። አንዲቱ አሮጊት ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ። ማሽኑ ተነሳ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ወጣቶቹ ይህ የሽማግሌዎቹ ዳንስ መሰላቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሦስቱ ምቶች ተመልሰው ሲመጡ አሥር ያህሉ እንደነሱ አደረጉ፤ በአራተኛው ሦስት መቶ ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ግድግዳ የተደገፉት ሳይቀሩ እግራቸው ተነሳ። ብሎን ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ እጅ ስታይ ፍርሃት ወረራት። 

አባቷ ወደ እሷ ሲመጣ አየችው። ፊቱ በእንባ ርሷል። ጠረጴዛዋን ዞሮ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚጮኸው።

«እሷ ናት! ስትሠራ እንዲህ ነበር የምታንጎራጉረው፤ የእናትሽ እህት ናት!» ቀጥሎ ትከሻዋን ያዛት። «መትቻለሁ። ሰማሽ ልጄ? መትቻለሁ።»

 በዚህ መሐል ጩኸቱን የሰማችው ፉጨት ደረሰች። ወይዘሮዋ ፊቷ አመድ መስሏል። የብሎን አባት እግር ላይ ልትወድቅ ስትል እሱ አነሳት። ጆሮዬን አምኜ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ጥፋትህ አስወቀስኩህ፣ ይቅር በለኝ እያለች አለቀሰች፤ እሱም ምን እንዳለች ባይሰማም ገባውና አቀፋት። ወጣቶቹ አጨበጨቡላቸው።

ማታ ቤት ሲገቡ አባቷ ኮቱን ሰቀለና መብራቱን አበራ። አላንኳኳም።  ብሎን ክፍሏ ገብታ ዋናውን ካሴት አሥራ አንድ ጊዜ ሰማችው። ብረት ቀጭ ይላል፤ አክስቷ ታንጎራጉራለች፤ ማሽኑ ይነሳል። በመሐል ምንም የለም። ወደ ጆሮዋ ብታስጠጋው፣ ድምፁን ብታጎላው የለም።

ቀጥሎ የመጡት ሦስት ቀናት ለአባቷ የሠርግ ሰሞን ነበሩ። ጸጉሩን ተቆረጠ። እናቷ መቃብር ሄዶ ሲነግራት ዋለ። ጉርሻው እጁ ላይ አልቀረም፤ ሌሊቱን አንድ ጎን ተኝቶ ያድራል። ብሎን በየጠዋቱ ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ትነሳለች፤ ሲያፏጭ ስታየው ግን ቡናውን አቅርባለት ትወጣለች። ፉጨት ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። እንቅልፍ ባይኗ አልዞር ብሏል። «ልጄ» ትላታለች፣ «ያን ቀን ጆሮዬን ምን ነካብኝ? እኔ እኮ ውሸታም አይደለሁም።» ብሎን «አይደሉም እማማ» ትልና ስልኩን ትዘጋለች። የአንዱን እንቅልፍ ወስዳ ለሌላው መስጠቷ ሲገባት ራሷን ጠላችው።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል፣ አባቷ አሮጌዋን ቴፕ ከቁም ሣጥን አወጣት። ካሴት የሚያነበውን ጭንቅላቷን በጥጥ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ዋናውን ካሴት እንድታመጣ፣ በመዳፉ ሊሰማው እንደፈለገ ነገራት። ብሎን ካሴቱ ተበላሽቷል ለማለት አሰበች፤ የአባቷን ፊት ስታይ ግን አልቻለችም። ሌላ ዘዴ መጣላት። እሱ የሚሰማው በእጁ ነው፤ ጠረጴዛው እንጨት ነው፤ ጊዜውን ጠብቃ ከሥር ሦስት ጊዜ ብትመታለት ማን ያውቃል? በልቧ እናቷንና አክስቷን ይቅርታ ጠየቀች።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባቷ ዐይኑን ጨፍኖ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ብሎን ቴፑን ከፈተችና ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አስገባች።

«ቀጭ አለ» አለችው ጮክ ብላ።

«ምን ዓይነት ቀጭታ?»

«ብረት። ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ብረት።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። አክስቷ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ብሎን ይህንንም ነገረችው።  አራቱ ድምፆች አንዴ ዞሩ፤ ሁለቴ ዞሩ። ሦስተኛው ካለቀ ማሽኑ እንደሚነሳ ታውቃለች። ጣቶቿን አጥፋ እጇን ከእንጨቱ ስታስጠጋ አንጓዋ በቀስታ ነካው።

«እጅሽን አውጪ፣ ልጄ» አለ አባቷ ዐይኑን ሳይገልጥ።

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ብሎን እጇን አወጣችና፣ ሳታስበው፣ ደረቷ ላይ አደረገችው። አክስቷ ዜማውን ጨረሰች። ማሽኑ ተነሳ፤ ጠረጴዛው በመዳፎቹ ሥር ነዘረ። ዘጠኝ ሰከንድ ሳይሞላ ቆመ። ቴፑ ባዶውን ዞረ።

«የሰባት ቁጥር አካል ድፍን ብረት ነው» አለ አባቷ። «ፋብሪካው ውስጥ መዳፌን የመታኝ ቆርቆሮ ነበር፤ የሦስት ቁጥር ክዳን። እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሦስት ቀን ተኛሁበት፤ ይበቃኛል።»

ብሎን እያለቀሰች እኔ ነኝ የሰካሁት፣ አስቤ አይደለም አለችው። አስቦ የሚያደርገው ሰው ቢሆን ሰባት ቁጥርን በሦስት ቁጥር አይመታም አላት፤ በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊሰካ ኖሯል ብሎም ጸጉሯን ዳበሳት። ቀጥሎ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ቀኙን ብዙ አየው።

«ያ ቀጭ ያለው መፍቻው ነው። ቴፑን በግራዬ እየከፈትኩ በቀኜ መሬት አስቀመጥኩት። አላነሳሁትም።»

ከዚያ ፉጨት ጋ እንድትደውልለት ጠየቃት። ብሎን ደውላ ስልኩን ሰጠችው። መልሱን እንደማይሰማ ያውቃልና አላቆመም፤ «ጆሮሽ ልክ ነበር። አልመታሁም። ተኚ፣ እህቴ» አለና ስልኩን መለሰላት። ከወዲያ በኩል ፉጨት ስታለቅስ ብሎን ሰማችላት።

ቤቱ እየጨለመ ነበር። አባቷ ተነስቶ ወደ ማብሪያው ሄደ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ መታ። ድሮ መትቶ ወዲያው ነበር የሚያበራው። አሁን ግን እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ አንድ ሰው ከማሽን ኋላ ሁለት እጁን አውጥቶ እስኪጨርስ የሚበቃ ያህል ጠበቀ። ብሎንም ጨለማው ውስጥ አብራው ጠበቀች።